ሦስቱም መስመር አዳማ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 1921 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ሎሚ ሁንዴ
አዳማ

ወንድሜ ይፍሩ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። በእነዚህ ሰባት ዓመታት እኔ ለሚስቱ አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ አንቺም ለእኔ አልጻፍሽም። ስለዚህ ሰላምታውን አላረዝመውም። የመድኃኔ ዓለም ቸርነት ከአንቺና ከልጁ አይለይ።

የጻፍኩት ስለ ሐዲስ ነው። የስልክ መሥሪያ ቤታችን በጥቅምት የፈተናቸው ልጆች ውጤት ወጥቷል። ከስልሳ ሦስት ተፈታኝ አሥራ አንድ አልፈዋል። ሐዲስ ይፍሩ አራተኛ ነው። በንባብና በቁም ጽሕፈት ጥሩ፣ በሒሳብ ደኅና ነው። ፈረንሳይኛውን ግን ከባቡር ሠራተኞች የለቃቀመው ስለሆነ ፈታኙን አስቆታል። ቢሆንም አራተኛ ነው። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስሙን በእጄ ጽፌዋለሁ።

አሁን የሚቀረው ድልድሉ ነው። አንቺ ፈተና ማለፍና ቦታ ማግኘት አንድ ይመስልሽ ይሆናልና ይህን ቀስ አድርገሽ አስነብቢው። አሥራ አንድ የስልክ ቤት ክፍት አለ። ያለፈው ልጅ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ከተማ በሦስት መስመር ጽፎ፣ በሰም አሽጎ ይልካል። ወረቀቱ በሦስት ሰው ፊት ይከፈታል። በመጀመሪያ የሁሉም የመጀመሪያ መስመር ብቻ ይነበባል። አንድን ከተማ አንድ ሰው ብቻ ጽፎት እንደሆነ፣ አሥራ አንደኛ የወጣ ቢሆንም ይሰጠዋል። ሁለት ሰው ከጻፈው በውጤት የቀደመው ይወስዳል፤ የተቀደመው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ወደ ሁለተኛው መስመር የሚታለፈው የሁሉም የመጀመሪያ መስመር ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጥሩ ጥሩው ሄዷል። በሦስተኛውም ያልቀናው የተረፈውን ይይዛል። ወዴት ይሻልሃል ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እንግዲህ አራተኛነቱ የሚጠቅመው ያንኑ ከተማ በዚያው መስመር ከጻፈ ሰው ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዳማን በመጀመሪያው መስመር አይጻፍ። ከእርሱ በላይ ከወጡት አንዱ አዳማን ይጽፋል። እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቂኝ። ሞጆን በመጀመሪያ የሚጽፍ የለም። ሞጆ ብሎ ይጻፍ። ከአንቺ በባቡር አንድ ሰዓት ነው።

ወረቀቱ እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን ይድረስ።

ባላምባራስ ተክለሃይማኖት

*

አዳማ፣ ኅዳር 19 ቀን 1921 ዓ.ም.

ይድረስ ለባላምባራስ ተክለሃይማኖት
አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበቱ። እኛ በአምላክ ቸርነትና በወንድሜ በመርዳሳ በሬዎች አለን።

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው ሐዲስ ነው። አለስልሼ ልጻፈው ቢለኝ እንዳልኩህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። በመጀመሪያው ደስ አለኝ። በሁለተኛው ገባኝ። ሰባት ዓመት ዝም ያለ ሰው ድንገት ሲራራልኝ፣ መጀመሪያ ዞር ብዬ የማየው ቤቴን ነው።

ዳኛው የፈረዱትን አብረን ሰምተናል። «ይፍሩ የሠራው ቤት፣ ልጁ እያደረበት እሳቱ እስከነደደ ድረስ የልጁ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ለቅቆት ከሄደ የሟች ወንድም ይጠይቅ» አሉ። ያን ቀን ከችሎት ሲወጡ በቤቴ በኩል አልፈው የጣሪያውን ቆርቆሮ በዓይንዎ ሲቆጥሩ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ሞጆ ይሂድ ይሉኛል። ስልከኛ ከስልኩ አጠገብ ነው የሚያድረው። ልጄ ሞጆ ሲያድር እዚህ ዓመቱ ይቆጠራል።

ከሐዲስ በላይ አዳማን የፈለገው ማን ነው? ደጋ የለመደ የሸዋ ልጅ ይህን አቧራ ሊጠጣ ይመጣል? እኛ እዚህ የተወለድነው እንኳ በግንቦት እንሸሸዋለን። ሰውየው ካለ ስሙን ይጻፉልኝ። ካልጻፉልኝ የለም።

ለእኛ የተመኙልንን አምላክ ለእርስዎ እጥፍ አድርጎ ይስጥዎ።

ሎሚ ሁንዴ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሎሚ ሁንዴ

ምርቃትሽ ደርሶኛል።

ስም ጻፍልኝ ትያለሽ። ስም ብጽፍ የመሥሪያ ቤት ምስጢር አወጣ ተብዬ እንጀራዬን አጣለሁ፤ አንቺም ደብዳቤውን ይዘሽ ገበያ ለገበያ ትዞሪያለሽ። አልጽፍም።

ስለ ቤቱ ያልሽው እውነት ነው። እፈልገዋለሁ። ወንድሜ ድንጋዩን ያስጠረበው በአባታችን ገንዘብ ነው። ይህን ለዳኛው ተናግሬአለሁ፣ ለአንቺም እናገራለሁ፤ የምደብቀው ነገር የለኝም። ነገር ግን እኔ ቤትሽን ስለፈለግሁ የድልድሉ ደንብ አይለወጥም። ጠላትሽ ዝናብ መጣ ቢልሽ እህልሽን አታስገቢም?

መተሐራ የሚባል የስልክ ቤት አለ። ቦታው የተከፈተው የነበረው ስልከኛ በወባ ስለሞተ ነው። ማንም በአንዱም መስመር አይጽፈውም። ስለዚህ የሚተርፈው እርሱ ነው። ሐዲስ ሞጆ ቢሄድ ከቤቱ ይወጣል፤ መተሐራ ቢሄድም ይወጣል። እኔ በሁለቱም መንገድ እጠቀማለሁ፤ ልጁ የሚጠቀመው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ለምን ትደክማለህ እንዳትዪኝ፦ የወንድሙን ልጅ ወባ ላይ ጣለ ተብሎ ዳኛ ፊት መቆም ያስቸግራል።

ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አዳማ። በዚህ ተራ ይጻፍ። ከታኅሣሥ 5 በኋላ የመጣ ወረቀት አይከፈትም።

ባላምባራስ ተክለሃይማኖት

*

አዳማ፣ ኅዳር 30 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለባላምባራስ ተክለሃይማኖት

እንደምን አሉ። እኛ አለን።

ወረቀቱ ታሽጎ በዛሬው ባቡር መጥቷል። ማኅተሙ የመርዳሳ ነው፤ ሰሙ ቢነካ ይታወቃል። ከፍተው እንዳይደክሙ የተጻፈውን እኔው ልንገርዎ። በመጀመሪያው መስመር አዳማ። በሁለተኛው መስመር አዳማ። በሦስተኛው መስመር አዳማ።

ሐዲስ «እማዬ፣ አጎቴ የጻፉት ደንብ እውነት ከሆነስ?» አለኝ። «ሁለተኛውን ባዶ ብንተወው አጎትህ ይሞላዋል፤ ሞጆ ብንልበት ሞጆን አንስቶ ከፊት ያስቀምጠዋል። ሦስት በር ያለው ቤት ሦስቱም ይቆለፋል» አልኩት። ቆለፍኩ። ከአዳማ በቀር የሚሾልኩበት ቀዳዳ አልተውኩልዎትም።

ወረቀቱ ላይ ቀለም ጠብ ብሏል። የልጁ እጅ ስለከበደው ነው እንጂ የተሰረዘ ነገር የለም።

እንደ ልብዎ ይስጥዎ።

ሎሚ ሁንዴ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሎሚ ሁንዴ

ወረቀቶቹ ታኅሣሥ 20 ቀን ተከፈቱ። ወዲያው ያልጻፍኩልሽ የምጽፈው ደስ የሚል ስላልሆነ ነው፤ ደስ አላለኝም ብልሽም አታምኚም።

አዳማን በመጀመሪያው መስመር ሁለት ሰው ጻፈው። አንዱ ልጅሽ ነው። ሌላው ሙሉብርሃን የሚባል፣ አንደኛ የወጣ የአንኮበር ልጅ ነው። ደረቱን ያመዋል፤ ሐኪም ወደ ሙቀት ውረድ ብሎታል። አዳማን እርሱ ወሰደ። አሁን ስሙን ልጽፍልሽ እችላለሁ።

ሁለተኛው መስመር ሲነበብ የሐዲስ ወረቀት «አዳማ» አለ። አለቃችን «ይህ ልጅ አራተኛ የወጣው በምንድር ነው?» አሉና ሁሉም ሳቁ። ሦስተኛው ሲነበብ ማንም አልሳቀም። አለቃችን ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ጀርባው ላይም ምንም የለም። ሞጆን ዘጠነኛ የወጣው ወሰደው።

ሐዲስ መተሐራ ተመድቧል።

ከዛሬ ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ ባለርስት ዋስ አቁሞ ሥራውን ካልያዘ ስሙ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ዳግመኛ አይፈተንም። ዋስ ካጣ ወደ እኔ አትምጪ።

ባላምባራስ ተክለሃይማኖት

*

አዳማ፣ ጥር 27 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለባላምባራስ ተክለሃይማኖት

ሐዲስ ትናንት ሄደ። መርዳሳ መሬቱን አስይዞ ዋስ ሆነው። ይህን የሚጽፍልኝ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጦ ለሰው የሚጽፍ ነው፤ ስድብ ስናገር ብዕሩን አንስቶ ያየኛል። ስለዚህ ስድቡን ቀንሼዋለሁ፤ የቀረውን እርስዎ ይሙሉበት።

ልጄ ጀርባውን ሰጥቶኝ ባቡሩ ላይ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

እርስዎ ያውቁ ነበር። አንድ ስም ቢጽፉልኝ አምን ነበር። አንድ ስም! እንጀራዬን አጣለሁ አሉ። የእርስዎ እንጀራ አለ፤ የእኔ ልጅ የለም።

ያ ሙሉብርሃን የሚሉት መጥቷል። ስልኩን የተከሉለት ጣሪያው በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ ነው። ማደሪያ ፈልጎ በሬን አንኳኳ። ማን ነህ ስለው «አዲሱ ስልከኛ ነኝ፣ እመቤቴ» አለኝ። ዘጋሁበት። ከበሩ ማዶ ሲስል ሰማሁት፤ ከዚያ ሄደ።

አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሁለት ስልከኞች ቦታ ቢለዋወጡ ይቻላል?

ሎሚ ሁንዴ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 18 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሎሚ ሁንዴ

ይቻላል። ሁለቱ ሠራተኞች ይፈርማሉ፤ ሁለቱ ዋሶች ይስማማሉ፤ መዝገብ ያዡ ያጸድቃል። መዝገብ ያዡ እኔ ነኝ።

«ሐዲስ ይፍሩ የአዳማውን ቤት በፈቃዱ ለአጎቱ ለቋል» የሚል ወረቀት በሦስት ምስክር አስጽፈሽ ላኪልኝ። ያ የታመመ ልጅ እሺ እንዲል ማድረጉን ለእኔ ተዪው፤ ልውውጡን በሳምንቱ እጽፋለሁ። ልጅሽ አዳማ ይገባል፤ ጎጆ ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ። ቤት ከጠፋ ቤት ይሠራል። በወባ ስለሚጠፋው ግን አንቺ እናቱ ነሽ፤ አስቢበት።

ካልሆነም አልቸኩልም። ዓመቱ ከጥር 26 ይቆጠራል። መጠበቅ ሥራዬ ነው።

ባላምባራስ ተክለሃይማኖት

*

አዳማ፣ ሰኔ 9 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለባላምባራስ ተክለሃይማኖት

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱን በደኅና ያስገባዎ።

አራት ወር ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። ሐዲስን በግንቦት ወባ ጣለው። ሄጄ ሃያ ቀን አስታመምኩት። ከባቡር ሐኪም ኪኒን ተገኝቶ ተነሣ። «ወደ አዳማ እንድትመለስ ቤቱን ልስጣቸው?» አልኩት። «ለእርሳቸው ከሰጠሽ የታመምኩት ለምንድን ነው?» አለኝ። ከሄደ ወዲህ ያናገረኝ ያን ቀን ነው። ወረቀቱን አልልክም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። መተሐራ ሐዲስ የሚያድርበት ቤት የማን ነው? ስልክ የተተከለበትን ቤት የሚከራየው ስልከኛው ነው ወይስ መንግሥት? ባለቤቱ ወይም ሌላ ይገባኛል የሚል ሰው መጥቶ ውጣ ቢለው ይወጣል ወይ? እርስዎ ደንብ ያውቃሉ። እናቱ ነኝና ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሎሚ ሁንዴ

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 20 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሎሚ ሁንዴ

ይህን ደብዳቤ የጻፈልሽ የጣቢያው ጸሐፊ አይደለም። ንጹሕ እጅ ነው። የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

ስለጠየቅሽው፦ በደንቡ ስልክ የተተከለበትን ቤት የሚከራየው መሥሪያ ቤቱ ነው። ውሉ የአሥር ዓመት ነው። የሚዋዋለውም ውሉ በተጻፈበት ቀን ቤቱን በእጁ ይዞ የሚኖርበት ሰው ነው፤ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም፤ አለዚያ በየከተማው ስንሟገት ሽቦ ባልተዘረጋ ነበር። ሽቦው ገብቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም በበሩ ላይ ከተመታ በኋላ ግን ባለቤትም ይሁን ይገባኛል ባይ፣ ውሉ ሳያልቅ ደፉን አይረግጥም። ዳኛም ክሱን አይቀበልም። ሥራው የመንግሥት ነዋ።

እነዚህን ውሎች የሚይዘው ከግቢው ማዶ ያለው ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል ሹም ጋር ሰላም አንባባልም እንጂ፣ የመተሐራውን አስወጥቼ አሳይሽ ነበር። ልጅሽን ማንም አያስወጣውም። ስለዚህ አትጨነቂ፤ መጨነቅ ያለብሽ በወባው ነው። ወረቀቱን ብትልኪ ዛሬም እቀበላለሁ።

ባላምባራስ ተክለሃይማኖት

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 12 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለሎሚ ሁንዴ

ከሰኔ ወዲህ መልስ የለሽም። ዝምታሽን እንደ እሺታ ቆጥሬዋለሁ።

ጥር 26 ቀን ዓመቱ ይሞላል። በ27 በጠዋቱ ባቡር እወርዳለሁ። ዳኛው የሚያቆሙልኝ ሁለት ሽማግሎች በሩ ላይ ይጠብቁኛል። ዕቃሽን ወንድምሽ መርዳሳ ቀድሞ ያንሳልሽ፤ ሰው ፊት መጎተት አያስፈልግም። ቁልፉን ይዘሽ ጠብቂኝ።

ባላምባራስ ተክለሃይማኖት

*

መተሐራ፣ ጥር 22 ቀን 1922 ዓ.ም.
በእጅ የሚሰጥ

ለባላምባራስ ተክለሃይማኖት

እንኳን ደኅና ገቡ። ደብዳቤውን የሚያነቡት በቤቴ ደጃፍ ቆመው ስለሆነ አላረዝመውም፤ ፀሐዩ ይበረታል።

ይህን የሰጠዎት ቀጭኑ ሰውዬ ሙሉብርሃን ነው። የሰኔውን ደብዳቤ የጻፈልኝ እርሱ ነው። እጁን ያዩት በፈተናው ወረቀት ላይ ነው፤ እኔ ከነገርኩዎ አሁን ያስታውሱታል።

በመጋቢት ዝናቡ ያንን ጎጆ አጥለቀለቀው። ሙሉብርሃን የስልኩን ሣጥን በጋቢው ጠቅልሎ ታቅፎ መጥቶ እንደገና አንኳኳ። ሁለተኛ አልዘጋሁበትም። አጥሚት ሰጠሁት፤ ሲጠጣ እያየሁት ጠላሁት። አሁንም አልወደውም፤ የተቀመጠው በልጄ ቦታ ነው። ግን አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ «እመቤቴ፣ መሥሪያ ቤቱ ለስልኩ ደኅና ቤት ፈልግ ብሎኛል» አለኝ። እኔም ከማንም በፊት ደንብ የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ። እርስዎን።

በነሐሴ ሽቦው በይፍሩ መስኮት ገባ። ቤቱን በእጄ ይዤ የምኖርበት እኔ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። መርዳሳ ምስክር ሆነ። ውሉ የአሥር ዓመት ነው፤ ያለው ከግቢዎ ማዶ ነው። በበሩ ላይ የተመታውን ማኅተም ቀና ብለው ይዩት። ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ለሽማግሎቹም ያንብቡላቸው።

ከዚያ ወዲህ እኔ መተሐራ ነኝ። የምኖረው ከሐዲስ ጋር ነው፤ የሚጽፈውም እርሱ ነው። ጎጆዋ ጠባብ ናት፤ ሙቀቱን ለእርስዎም አልመኝም ብል ውሸቴን ነው። ሐዲስ በኅዳር ለሁለተኛ ጊዜ ወድቆ ተነሣ። የወባው ኪኒን ጆሮውን ነካው፤ ሲጮህበት ይውላል። ስልኩ ሳይደወል ዘሎ ያነሣል፤ ሲደወል ደግሞ ይቀመጣል። ይህንን እንዳይጽፍ ፈልጎ ነበር። እንዳልኩህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

በአንድ ነገር እውነት ተናግረው ነበር። ሞጆ ብዬ ባስጽፍ ልጄ ሞጆ ነበር። ስላላመንኩዎት እዚህ ነው፤ ይህ የእኔ ነው፣ ከእርስዎ ጋር አልካፈለውም። ከዚያ ወዲህ ግን እርስዎ ስለ ደንብ የጻፉትን ሁሉ ቃል በቃል አምናለሁ። ስለ ቤት ውል የጻፉልኝንም አመንኩ።

መልስ በደብዳቤ አይድከሙ። አሁን በቆሙበት በር ውስጥ ስልክ አለ፤ እርስዎን ግን ደንቡ አያስገባዎትም። አዲስ አበባ ሲመለሱ ስልክ ይምቱ። መጀመሪያ በይፍሩ ቤት የተቀመጠው ያነሣል፤ እርሱ ወደዚህ ያሻግርዎታል። እዚህ ሐዲስ ነው የሚያነሣው።

ጮክ ብለው ይናገሩ። በግራ ጆሮው አይሰማም።

ሎሚ ሁንዴ